ድንቢጥና ቀዳዳዋ፦ ከጎንደር ቤቶች የሚነሱ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሊነጋጋ ሲል ኮርኒሱ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። አይጥ መስሎን መጥረጊያ ይዘን እንነሳለን። ጆሯችንን ስናቆም ጭው ጭው የሚል ይከተላል። አይጥ አይደለችም፣ ድንቢጥ ናት። ስለ እሷ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

የትኛዋን ወፍ ነው ድንቢጥ የምትሉት?

ራሷ ግራጫ፣ ክንፏና ወገቧ ቀይ ዳማ፣ ሆዷ አመድማ የሆነችውን። ትከሻዋ ላይ ትንሽ ነጭ መስመር አለች። ከምንቃር እስከ ጅራት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ወፍጮ ቤት ደጅ፣ ስጥ የተሰጣበት ግቢ፣ ቁርስ ቤት ጠረጴዛ ሥር የምትዘለው እሷ ናት። ትዘላለች እንጂ አትራመድም።

በሳይንስ ስሟ ፓሰር ስዌይንሶኒ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣላት የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ መጥቶ ነበር። ስሙን የሰጣት ግን ለአገሩም ለአገራችንም ሳይሆን ዊልያም ስዌይንሰን ለተባለ እንግሊዛዊ የወፍ አዋቂና ሠዓሊ መታሰቢያ ነው። ወፏ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የአካባቢው ናት። ስሟ የእንግሊዝ ሆኖ ቀረ። እኛ ድንቢጥ እንላታለን፤ አላጠረብንም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የምትታየው የቤት ድንቢጥ የቅርብ ዘመዷ ናት። በዓለም ላይ እንደዚያች ወፍ የተጠና ጥቂት ነው። እዚህ የምጽፈው የቀንና የግራም ቁጥር በአብዛኛው የድንቢጥ ወገን በሙሉ የሚጋራው ነው።

ግሪሳ የምትባለው እሷ ናት እንዴ?

አይደለችም። ይህን ጥያቄ አባቴን ጨምሮ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ግሪሳ በሺህና በአሥር ሺህ ሆና እንደ ደመና የምትመጣ፣ ማሽላውን ባንድ ቀን የምታራግፍ የቆላ ወፍ ናት። ጎጆዋንም እሾሃማ ዛፍ ላይ ከሣር ትሠራለች። ቀዳዳ ውስጥ አትገባም። ድንቢጥ ግን ጥንድ ጥንድ፣ ቢበዛ በትንሽ መንጋ ሆና ሰው አጠገብ ትኖራለች።

ስጥ አትለቅምም ማለቴ አይደለም። ትለቅማለች። ልጅ እያለን ወፍ ጠብቁ ተብለን ስጥ ዳር የተቀመጥነው በዋናነት ለእሷ ነው። አስር ደቂቃ ኳስ ጨዋታ አይተን ስንመለስ ስጡ መሃል ጉብ ብላ እናገኛታለን። እሽ ስንላት አጥር ላይ ትወጣለች፣ ጀርባ ስንሰጣት ትመለሳለች።

ለምን ቀዳዳ ትፈልጋለች? ጎጆ መሥራት አትችልም?

ትችላለች፣ ግን ከላይ ክዳን ከጎን ግድግዳ ያለው ቦታ ትመርጣለች። እንቁላሉ ከዝናብ ይድናል፣ ቁራም በቀላሉ አያገኘውም። ችግሩ ሌላ ነው። ድንቢጥ መቆፈሪያ የላትም። ግንደ ቆርቁር እንጨቱን በስቶ የራሱን ቤት ያወጣል። የድንቢጥ ምንቃር አጭርና ወፍራም ነው፤ ለእህል መፈልፈያ እንጂ ለመቆፈሪያ አልተሠራም። ስለዚህ ሌላ ያበጀውን ቀዳዳ ትፈልጋለች። ሌላው ደግሞ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ግንደ ቆርቁር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሥራውን ሳይጨርስ የሄደ ግንበኛ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚያያዘው። ምግብ ጎንደር ውስጥ ሞልቷል። የሚያንሳት ቀዳዳ ነው። አንድ ቀዳዳ ሲደፈን አንድ ጥንድ ያን ዓመት ላይወልድ ይችላል።

ከመቸገሯም የተነሳ የሰው ቤት ትቀማለች። ጨረባ የምትባለው ወፍ ጭቃ በአፏ እየተመላለሰች ለስና የጨረሰችውን ጎጆ ድንቢጥ ገብታ ሣር ትጎዘጉዝበታለች። ሸማኔ ወፍ ትታው የሄደችውን አሮጌ ጎጆም ትይዛለች። ምንም ካጣች ብቻ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሣር ክምር የመሰለ ነገር ትሠራለች። እውነቱን ለመናገር አያምርም። የሸማኔን አይቶ የእሷን ያየ ሰው ማዘኑ አይቀርም።

ጎንደር ውስጥ የት የት ትገባለች?

ፋሲል ግቢ ሂዱና ግንቡን ቀና ብላችሁ እዩ። ድንጋይና ኖራ ነው። ከተማዋን አፄ ፋሲል የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1636 ነውና በዚህ ሁሉ ዘመን ኖራው እዚህም እዚያም ለቋል። ለቱሪስቱ ስንጥቅ ነው፣ ለድንቢጥ በር ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር፣ በቁስቋም ፍርስራሽም እንዲሁ። ፋሲል መዋኛ ደግሞ የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል። በሥሩና በድንጋዩ መካከል ስንት ጎሬ እንዳለ መቁጠር አይቻልም።

ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ቤቶች የጣራ ክፈፍ ይመቻታል። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ቦታ። ገጠር ወጣ ሲባል የሣር ክዳን። አዲሶቹ ሕንጻዎች ላይ ግን መስታወትና አልሙኒየም ነው፣ ወፍ የለም። በሁለቱም ትርጉሙ።

አንዴ የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ሠርታ አይቻለሁ። ይህን አትተዉላት። ደረቅ ሣርና የተላጠ ሽቦ አብረው አያድሩም። መብራት የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አስነሱት።

ወንዱን ከሴቷ በምን እለያለሁ?

በዓይን አይለይም። የአውሮፓው ወንድ ጉሮሮው ላይ ጥቁር ነገር ስላለው ይታወቃል። የእኛዎቹ ሁለቱም አንድ ልብስ ነው የለበሱት። ከድርጊታቸው መገመት ይቻላል። በድንቢጥ ወገን ብዙ ጊዜ ወንዱ ቀዳዳውን ቀድሞ ይይዝና በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል። ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ የዚህች አገር ዜማ አጭር ነው። አዋቂዎች ከዘማሪ ወፎች ይመድቧታል፣ እኔ ግን ዜማዋን ሰምቼ አላውቅም። ጭቅጭቅ ነው የሚመስለው።

መቼ ነው የምትወልደው?

ቀን ቆጥራ አይደለም፣ ትልና ፌንጣ ሲበዛ ነው። እኛ ቤት ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣል ሲጀምር ሣር በአፋቸው ይዘው ሲመላለሱ አያለሁ። መስከረም አልፎ ጥቅምት ላይም ሌላ ጫጩት አይተናል። ከተመቻት በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ልትወልድ ትችላለች፣ ያውም እዚያው ጎጆ ውስጥ።

ከእንቁላል እስከ በረራ ስንት ቀን ይፈጃል?

አንድ ወር ገደማ። በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጣራ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ ሣር ይገባል። ቀጥሎ ላባ፣ ክር፣ የዶሮ ጭገር፣ ያገኘችው ለስላሳ ነገር። ይህ ሲሆን ሥራው ሊያልቅ ነው። ከዚያ በቀን አንድ እንቁላል ትጥላለች። ጠዋት ነው የምትጥለው። የእኛዋ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ትጥላለች። እንቁላሉ ነጣ ያለ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ አለው።

መታቀፉ ከ11 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። እናትዬዋ ሆዷ ላይ ላባው ይረግፍና ቆዳዋ በቀጥታ እንቁላሉን ይነካል፣ ሙቀቱ እንዲደርሰው። በዚህ ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። ብዙ ሰው ሄደች ብሎ ቀዳዳውን የሚደፍነው በዚህ ሰሞን ነው። አልሄደችም፣ ታቅፋ ነው።

ጫጩቷ ስትፈለፈል 3 ግራም እንኳን አትሞላም። ራቁቷን፣ ዓይኗ የተጨፈነ፣ ሆዷ የተነፋ፣ አፏ የተከፈተ። ያየ ሰው ወፍ ናት ብሎ አያምንም። በአራተኛው ቀን ገደማ ዓይኗ ይገለጣል። ሳምንት ሲያልፍ ላባው እንደ መርፌ እየሾለ ይወጣና ይፈታል። አባትም እናትም ይመግባሉ። የጫጩቶቹ ኩስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ወላጆቹ በአፋቸው ይዘው ውጭ ይጥሉታል። ዳይፐር በሉት። ውሃ ለሌለው ቤት ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኛም በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች እናደንቀዋለን።

በሁለት ሳምንት፣ ትንሽ ቢዘገይ በ17 ቀን ይወጣሉ። መብረሩን ግን ገና አልቻሉበትም። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየወደቁ ክንፋቸውን እያንቀጠቀጡ አፋቸውን ከፍተው ይከተላሉ። ወላጆቻቸው አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ያጎርሷቸዋል። ከዚያ በኋላ ራሳችሁን ቻሉ ነው።

እህል በል ከሆነች ለምን ትል ስትሸከም አያታለሁ?

ለጫጩቶቹ ነው። ጫጩት ሥጋና ላባ ለማውጣት ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ደረቅ ጤፍና ስንዴ ያንን በበቂ አይሰጣትም። ስለዚህ ወላጆቹ አባጨጓሬ፣ ፌንጣ፣ ሸረሪት ያሳድዳሉ። ጎመን የተከላችሁ ሰዎች ልብ በሉ።

ቻይና ይህን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ድንቢጥ እህል ትጨርሳለች ተብሎ ሕዝቡ ድስት እየደበደበ፣ ጎጆ እያፈረሰ እንዲያጠፋት ታዘዘ። ሚሊዮኖች አለቁ። ትልና አንበጣውን የሚበላው ጠፋ፣ ተባዩ ተባዛ። በ1960 ድንቢጥን ከዝርዝሩ አውጥተው በእሷ ቦታ ትኋንን አስገቡ። የዚያኔው ረሃብ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፣ ይህ ግን አንዱ ነው።

ጣራዬ ውስጥ ገብታለች። ቀዳዳውን ልድፈነው?

ልትደፍኑት ትችላላችሁ፣ ቤቱ የእናንተ ነው። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው።

እኔ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ጣራው ማፍሰስ ጀመረና ሠራተኛ ጠራሁ። ቆርቆሮውን ቀየረ፣ ክፈፉን በላሜራ ዘጋ፣ ጥሩ ሥራ ሠራ። ማታ ኮርኒሱ ላይ ሲንጫጩ ሰማሁ። ዛሬ ይተዋሉ ነገ ይተዋሉ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ እናትዬዋ አባጨጓሬ ይዛ ላሜራውን ትዞረዋለች። ታርፋለች፣ ትነሳለች፣ እንደገና ታርፋለች። ጎረቤቴ እትዬ ከበረንዳቸው እያዩ ነበር። «ልጄ፣ አንተ ራስህ ደጅህ ተዘግቶ ልጆችህ ከውስጥ ቢያለቅሱ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሠራተኛው ስልክ ስላላነሳ መሰላል ተውሼ ላሜራውን በፒንሳ አነሳሁት። ከሦስቱ ሁለቱ ነበሩ በሕይወት የቆዩት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ምግብ ይዛ የምትገባ ከሆነ ጫጩት አለ፣ ተዉት። ሣር ብቻ ይዛ ከሆነ ገና ነው፣ ያኔ ብትደፍኑ ሌላ ቦታ የመፈለጊያ ጊዜ አላት። ጸጥ ካለ ደግሞ ታቅፋ ሊሆን ይችላልና ቢያንስ ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ በሩን ተመልከቱ። ጫጩቶቹ ወጥተው ከሆነ በዚያው ሳምንት ሥሩት፣ አለበለዚያ ሌላ ዙር ትጀምራለች። ምንም ጥርጣሬ የማይገባበት ወቅት ከፈለጋችሁ በጋው ላይ፣ ሣር የሚሸከም ድንቢጥ በማታዩበት ጊዜ አሠሩ። ለጣራ ሥራም የሚመቸው እሱ ነው፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሳይመታው።

አሮጌውን ጎጆ ስታወጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ውሃ አርከፍክፉበት። ደረቅ ኩስና አቧራ መተንፈስ ጥሩ አይደለም። ቅንቅንም ይኖረዋል፣ ያሳክካል። የጣራ ውሃ በሮቶ የምታጠራቅሙ ከሆነ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ጣራውንና አሸንዳውን ጥረጉ።

ጫጩት መሬት ላይ ወድቃ አገኘሁ። ምን ላድርግ?

ላባ አላት የላትም? እሱን እዩ።

ራቁቷን ከሆነች ከጎጆ ወድቃለች። ጎጆው የሚደረስበት ከሆነ መልሷት። ላባ ካወጣችና የአፏ ዳር ቢጫ ሆና ከተንደረደረች ግን አልጠፋችም፣ ትምህርት ላይ ናት። ድመት የማይደርስበት ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጧትና ራቅ በሉ። እናትዬዋ በድምፅ ታገኛታለች።

ሰው የነካው ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። ድንቢጥ ልጇን የምትለየው በማሽተት አይደለምና በእጅ መንካት አያስጥላትም። ምናልባት ትልልቆቹ እኛን ከጎጆ ለማራቅ የፈጠሩት ይሆናል። ከሆነም ጥሩ ውሸት ነው።

ወተት አትስጧት። እንጀራም አያስፈልጋትም። ውሃ በአፏ አታንጠባጥቡ፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ሳጥን ብሠራላት ትገባለች?

ልትገባ ትችላለች፣ ግን ቸኩላችሁ አትጠብቁ። ወለሉ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በሩ ክብ ሆኖ ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ካሰፋችሁት ትልልቅ ወፎች ይገቡበታል። በሩን ከወለሉ ከፍ አድርጉት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የድመት እጅ እንዳይደርስ። ከበሩ በታች መቆሚያ እንጨት አትምቱ። ድንቢጥ አያስፈልጋትም፣ የሚጠቀምበት ጠላቷ ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ለውሃ ማስወጫ። ከመሬት ሦስት ሜትር ያህል፣ የከሰዓት ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ከቆርቆሮ አትሥሩ። ፀሐይ ሲመታው ምጣድ ይሆናል። እንጨት ነው ደህናው። ቅልም ይሆናል፣ አንገቱን ዘግቶ ጎኑን መብሳት ነው። እኔ ከቤት ከወጣ አሮጌ ቅል ሠርቼ ሰቅያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አልገባበትም፣ በሁለተኛው ንብ ልትሰፍርበት ነበር። በሦስተኛው ነው ድንቢጥ የገባችው።

ጎጆዋ ውስጥ ፌስታልና ክር አገኘሁ። ችግር አለው?

የማዳበሪያ ክር ችግር ነው። የጆንያው ጠርዝ ሲተረተር የሚወጣው ቀጭን የላስቲክ ክር የጫጩት እግር ላይ ይጠመጠማል፣ እግሩ ሲወፍር ይቆርጠዋል። ጆንያ ስትፈቱ ክሩን ደጅ አትበትኑ። ሌላውን ተዉላት፣ ታውቅበታለች። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የቤት ድንቢጦች የሲጋራ ቁራጭ ጎጆ ውስጥ እንደሚከቱ ተመራማሪዎች አይተዋል፤ ቁራጩ በበዛበት ጎጆ ቅንቅኑ ያንሳል። ኒኮቲን ተባይ ያባርራል። ለጫጩቶቹ ጤና ግን ጉዳትም እንዳለው ታይቷል።

ጠላቷ ማነው? ስንት ዓመትስ ትኖራለች?

ድመት፣ አይጥ፣ እባብ፣ ጭልፊት፣ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ከጭልፊት ወገን አንዱ እግሩ ወደፊትም ወደኋላም የሚተጣጠፍ ነው። ቀዳዳ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ጫጩት ያወጣል። ሰው ደረት ኪሱን የሚፈትሽ ይመስላል።

ከጎጆ ከወጡት ብዙዎቹ አንድ ዓመት አይሞላቸውም። ያንን ካለፈች ሁለት ሦስት ዓመት ብትኖር የተለመደ ነው። ዴንማርክ ውስጥ እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት አንዲት የቤት ድንቢጥ ግን ከ19 ዓመት በኋላ ነው ሞታ የተገኘችው።

ፋሲል ግቢ ግንብ ውስጥ የምትገባ ሌላ ወፍ አየሁ። እሷስ?

ጥቁር ሆና ምንቃሯ ነጭ፣ ስትበር ክንፏ ቀላ የሚል ከሆነ የገደልና የግንብ ወፍ ናት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም። ጥቁር ሆኖ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለው ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱም የዚሁ አካባቢ ደጋ ብቸኛ ነዋሪ። ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ጎጆ ይሠራል። ሁለቱንም በሳይንስ የመዘገባቸው ያው ሩፔል ነው። ፈረንጆች እነዚህን ለማየት ካሜራቸውን ተሸክመው ከሩቅ ይመጣሉ። ድንቢጧን ግን ዞር ብለው አያዩዋትም። እሷም ግድ የላት፣ የጣሉትን ብስኩት ትለቅማለች።

ዘንድሮ የወለደችበት ቀዳዳ ከርሞም ትመለሳለች?

ክፍት ካገኘችው አዎ። ድንቢጥ ሩቅ አገር አትሄድም፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ሰፈር ናት። እኛ ቤት ላሜራውን ካነሳሁበት ጥግ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ክፍተት ትቼ ከውስጥ በኩል ሳንቃ መታሁበት፣ ኮርኒሱ ውስጥ እንዳትዘልቅ። ውሃ አያስገባም። ሰኔ ላይ ሣር ይዛ ስትገባ አየኋት። ያቺው ትሁን ሌላ መለየት አልቻልኩም።